በፍጥነት ሲነዱት የሚንቀጠቀጥ የኤሌክትሪክ መኪና፦ ባላንስ፣ ቸርኬ፣ ጎማ ወይስ ዘንግ? የድሬዳዋ ባለመኪና የንጽጽር መመሪያ

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ክረምት በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ላይ ጎማው በግራር እሾህ ተበሳበት። መኪናው እንደ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተጠባባቂ ጎማ የለውም። ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ያገኘው ትንሽ የአየር መንፊያና አንድ ጠርሙስ የጎማ መድፈኛ ፈሳሽ ነበር። ፈሳሹን ሞልቶ፣ አየር ነፍቶ፣ ቀስ ብሎ ድሬዳዋ ገባ፤ በማግስቱም ቀዳዳውን አስደፈነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መኪናው በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መሪው እጁ ላይ ይርገበገብ ጀመር። ሦስት ጊዜ ባላንስ (የጎማውን ክብደት ማመጣጠን) አሠራ፤ ሁለት ጊዜ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አስደረገ። በመጨረሻ «አራቱንም ጎማ ቀይር» ተባለ። የአራት ጎማ ዋጋ ሲሰማ ደንግጦ ወደ እኔ መጣ።

የመኪናውን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ። ያሳዘነኝ የወጣው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የተሸጡለት ሥራዎች ሁሉ ትክክለኛ ሥራዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚያድኑት ሕመም አለ፤ የእሱን ሕመም ግን አንዳቸውም አይነኩትም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር የሚቆሙት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ጥያቄውም አብሮ በዝቷል። ስለዚህ የሚቀርቡትን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ማየት ፈለግሁ።

## መለኪያዎቹን እናስቀድም

የሚቀርብልዎትን ሥራ ሁሉ በአምስት ጥያቄ ይመዝኑት። ይህ ሥራ የሚያስወግደው የትኛውን ምክንያት ነው? መዳኑን በቁጥር ማሳየት ይቻላል ወይስ «ነድተህ እየው» ብቻ ነው? ባይሳካ እንኳ ቢያንስ አንድ ተጠርጣሪ ነጻ ያወጣል? እዚሁ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ይሠራል ወይስ አዲስ አበባ ያስኬዳል? ከመኪናው ሆድ ሥር የተዘረጋውን ባትሪስ አደጋ ላይ ይጥላል?

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። በትክክል የተሠራ ባላንስ መንቀጥቀጡን ባያጠፋ እንኳ ያወጡት ገንዘብ ዕውቀት ገዝቶልዎታል። አራት ጎማ ቀይረው መንቀጥቀጡ ካልጠፋ ግን ብዙ ከፍለው ያወቁት ትንሽ ነው።

ዋጋን በብር አልጻፍኩም፤ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ጽሑፉ ሳይነበብ ያረጃል። ከአላይመንት በቀር አማራጮቹን ከርካሹ ወደ ውዱ በቅደም ተከተል አስቀምጫቸዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ቶሎ አይለወጥም።

## ከመክፈል በፊት መንገዱን ይጠይቁ

የድሬዳዋ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። በአንድ በኩል ረጅም ሜዳ፣ በሌላ በኩል ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሜዳው፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ እያንዳንዳቸው ሌላ የመኪና ክፍል ያስጨንቃሉ።

ሜዳውን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ነፋሱም ከባድ መኪናውም ሳይበዛ ይሞክሩት። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይንዱ። ሌሊቱን የቆመ ጎማ መሬት የነካው ጎኑ ትንሽ ስለሚዘረጥጥ፣ ሞቆ ክብነቱን እስኪመልስ ድረስ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ያሳስታል። ከዚያ በተፈቀደው ፍጥነት ውስጥ ሆነው በአሥር በአሥር ኪሎ ሜትር ይጨምሩና በየደረጃው አንድ ደቂቃ ይቆዩ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ጥርጣሬው ወደ ፊት ጎማዎች ያመራል፤ መቀመጫውና ወለሉ ከሆነ ወደ ኋላ ጎማዎች። ደንቡ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለመነሻ ግን ይበቃል።

መንቀጥቀጡ ጎልቶ ሲሰማ፣ መንገዱ ቀጥ ያለና ባዶ ከሆነ፣ ማርሹን ለጥቂት ሰከንድ ወደ ገለልተኛ ያድርጉት። መንቀጥቀጡ እንደነበረ ከቀጠለ ነገሩ ያለው ከሚሽከረከሩት ነገሮች ዘንድ ነው፦ ጎማ፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት)፣ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት መሐል)። ከጠፋ ግን ጥርጣሬው ኃይል ወደሚያስተላልፈው ዘንግ ወይም ሞተሩን ወደያዘው ጎማማ መቀመጫ ይዞራል። መኪናውን እየሄደ ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

ፍጥነት ሲጨምር ነገሩ ለምን እንደሚከፋ ማወቅ ይጠቅማል። የአንድ የተለመደ ጎማ ዙሪያው ከሁለት ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቸርኬው ጠርዝ ላይ 30 ግራም ብቻ ሚዛን ቢጎድል፣ በዚህ ፍጥነት በየዙሩ በ4 ኪሎ ተኩል ክብደት ያህል ወደ ውጭ ይጎትታል። ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ በ50 የማይሰማው ነገር በ100 አራት እጥፍ ሆኖ ይመጣል። አንዳንዱ መኪና ከ80 እስከ 110 ባለው ውስጥ ተንቀጥቅጦ ከዚያ በላይ ጸጥ ይላል፤ የጎማው ምት ከመኪናው የራሱ የተፈጥሮ ውዝዋዜ ጋር የሚገጥመው በዚያ መካከል ስለሆነ ነው። «ካለፍኩት ይጠፋል» ብሎ መተው ግን ጎማውንም፣ ጎማው ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገውን ኩሽኔታም መብላት ነው።

አሁን ወደ ደንገጎ እንውጣ። ዳገቱ ላይ ፔዳሉን ሲረግጡ መኪናው ወደ ጎንና ጎን የሚወዛወዝ፣ ሲለቁ የሚተወው ከሆነ፣ ከሞተሩ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ የውስጥ መገጣጠሚያ ሳይበላ አልቀረም። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከመነሻው ስለሚሰጥና መኪናው ራሱ ከባድ ስለሆነ ይህ መገጣጠሚያ ከነዳጅ መኪና ይልቅ ብዙ ይሸከማል።

ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩን ወደ ጄኔሬተር ለውጦ ባትሪውን ስለሚሞላ፣ ፔዳሉን በቀስታ ሲረግጡ የፍሬን ሸራው ዲስኩን ጭራሽ ላይነካው ይችላል። ዲስኩ ተጣሞ ወይም ዝጎ እንኳ በከተማ ውስጥ ሳይታወቅ ይከርማል። ጠንከር ያለ ፍሬን ሲይዙ ብቻ መሪው የሚመታ ከሆነ ጎማውን ትተው ዲስኩን ያስለኩ። እግረ መንገዴን፦ ሐረር ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተው ደንገጎን አይውረዱ። የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ በዲስኩ ላይ ይወድቃል።

ስልክዎ ላይ ንዝረት የሚለካ መተግበሪያ ካለ ከመሪው አጠገብ አጥብቀው ያስሩትና በ100 ላይ ያንብቡ። በሰከንድ 13 አካባቢ ከሆነ ጎማው በዙር አንድ ጊዜ እየመታ ነው፤ ይህ የሚዛን ጉድለት ወይም የተጣመመ ቸርኬ ነው። 26 አካባቢ ከሆነ ጎማው ክብነቱን አጥቶ በዙር ሁለት ጊዜ ይመታል። 39 አካባቢ ከሆነና ፔዳል ሲረግጡ የሚብስ ከሆነ ባለ ሦስት እግሩን የዘንግ መገጣጠሚያ ይጠርጥሩ። ሞተሩ ራሱ ከጎማው ዘጠኝና አሥር እጥፍ ያህል ስለሚፈጥን የእሱ ሕመም በመሪ አይሰማም፤ ወደ ጆሮ የሚመጣው እንደ ፉጨት ነው።

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል። መኪናው በ40 ወይም ከዚያ በታች እያለ እንደ አንካሳ ቢወላወልና ቀን በቀን ቢብስበት፣ የጎማው የውስጥ ሽቦ ከጎማው ተላቅቆ ወይም ቸርኬውን የሚያስረው ዳዶ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሙከራ ጊዜ አይደለም። መኪናውን ያቁሙ።

## በእጅዎ የሚሠራው

ከሁሉ ርካሹ፣ ብዙ ጊዜም መፍትሔው፣ ይኸው ነው። የጎማውን አየር ጠዋት ሳይሞቅ ይለኩና በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ያስተያዩት። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለወጥ ግፊቱ በ2 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያው ላይ ያለው አሃድ) ያህል ይለወጣል፤ በሐረር ብርድ የተነፋ ጎማ በድሬዳዋ ቀትር ሌላ ቁጥር ያሳያል። እኩለ ቀን ላይ ለክቶ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጎማው ጎድሎ ያድራል።

ከዚያ ጎንበስ ብለው የቸርኬውን የውስጥ ጎን ይመልከቱ። በክረምት ደቻቱን የመሰለ አሸዋማ የወንዝ መሄጃ ያቋረጠ መኪና በቸርኬው ውስጥ ጭቃ ይዞ ይወጣል፤ በድሬ ፀሐይ ያ ጭቃ እንደ ሸክላ ይደርቃል። አንድ እፍኝ ደረቅ ጭቃ ከላይ ካሰላነው 30 ግራም ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ሁለት ብርጭቆ ውኃና ብሩሽ የሚፈታውን ነገር ባላንስ ማሽን ላይ ማስተካከል ከንቱ ነው፤ ጭቃው ሲረግፍ ለማመጣጠኛ የተለጠፈው የእርሳስ ክብደት ራሱ ጥፋት ይሆናል።

ሦስተኛው የዳዶ ወይም የብሎን ጥብቀት ነው። በአየር መፍቻ አንዱን ጎን ብቻ እያጠበቁ መሄድ ቸርኬውን በሞዞው ላይ አጋድሎ ያስቀምጠዋል። በመስቀልኛ ቅደም ተከተል፣ በቁጥር በሚለካ ቁልፍ፣ በመኪናው መመሪያ በተጻፈው መጠን ይጠበቅ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ይደገም። የኤሌክትሪክ መኪና ክብደት ይህን ችላ የማይባል ያደርገዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጁን 2022 ቶዮታ ገና ለገበያ የቀረቡ 2,700 ገደማ ቢዜድ ፎር ኤክስ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው የጎማ ብሎናቸው ሊላላ ስለሚችል ነበር።

በመጨረሻ የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር ያለዋውጡ። ከመሪው የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ መቀመጫው ከሄደ፣ ጥፋቱ ከጎማና ከቸርኬ መሆኑን ያለ ምንም ማሽን አረጋገጡ ማለት ነው። ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለው ከግራ ወደ ቀኝ አያሻግሩት፤ የፊቱና የኋላው መጠን ከተለያየም ይህ ሙከራ አይቻልም። ክሪኩን የሚያሳርፉት አምራቹ ምልክት ባደረገበት የጠርዝ ቦታ ብቻ ይሁን። ከእሱ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ቢገባ የሚጫነው የባትሪውን ሳጥን ነው።

## ተራ ባላንስ

ርካሽ ነው፤ በሁለቱም ከተማ ይገኛል፤ ውጤቱም በቁጥር ይታያል። ከ80 በላይ ብቻ ለሚሰማና ፔዳል ቢረግጡም ቢለቁም ለማይለወጥ መንቀጥቀጥ የመጀመሪያው የሚከፈልበት ሥራ ይህ መሆን አለበት። የሚያስተካክለው ግን ክብደትን ብቻ ነው። ሞላላ ጎማ በማሽኑ ላይ ዜሮ ሊያሳይና መንገድ ላይ ሊመታ ይችላል፤ ማሽኑ ጎማውን በአየር ላይ ያሽከረክረዋል እንጂ መሬት አይረግጥም።

በድሬዳዋ ባላንስ ማሽን ፊት ቆሜ ብዙ አይቻለሁ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ሳይሆን ጎማው ማሽኑ ላይ ከሚሰቀልበት መንገድ ነው። ቸርኬው በመካከለኛ ቀዳዳው ዝገትና አፈር ይዞ ከተሰቀለ ከመሐል ይወጣል፤ ማሽኑም የሌለ ጉድለት ይለካል። ለዚህ የሚበጅ ቀላል ፈተና አለ። ማሽኑ ዜሮ ካለ በኋላ ጎማው ይፈታ፣ በማሽኑ ዘንግ ላይ በግማሽ ዙር ይዙር፣ እንደገና ይጥበቅና ይሽከርከር። አሁንም ዜሮ ወይም 5 ግራም ካለ ሥራው የታመነ ነው። ድንገት 20 እና 30 ግራም ካለ የመጀመሪያው ዜሮ ውሸት ነበር። ይህን ሲጠይቁ የማይከፋው ጎሚስታ ጥሩ ጎሚስታ ነው።

የአጎቴን ልጅ መኪና ሳቢያን ሰፈር ወዳሉ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ወሰድነው። ጎማውን ሰቅለው ሁለት ጊዜ አሽከረከሩት፤ ማሽኑ ሁለት የተለያየ ቁጥር አወጣ። ሦስተኛ ደገሙት፤ ሦስተኛ ቁጥር መጣ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?» አልኳቸው።

«ማሽኑ ደኅና ነው፣ ልጄ። ውስጡ የሚሄድ ነገር አለ።»

ጎማውን ከቸርኬው አውጥተው ሲያጋድሉት ያ የመድፈኛ ፈሳሽ ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ። ቀዳዳው በውጭ በኩል ተደፍኖ ነበር እንጂ ጎማው ተከፍቶ አልታየም። ፈሳሹ መኪናው በቆመ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል፤ በፍጥነት ሲዞር ይበተናል፤ ሦስቱ ባላንሶች የለኩት በየጊዜው ሌላ ጎማ ነበር ማለት ነው። አዛውንቱ ውስጡን አጥበው፣ አድርቀው፣ ቀዳዳውን ከውስጥ ለጥፈው ሲመልሱት 25 ግራም ፈለገ፤ ግማሽ ዙር አዙረውም ዜሮ አለ። ፈሳሹ ለአጣዳፊ ጊዜ የተሠራ ነገር ነው፤ በዝግታ ነድተው ጎሚስታ ዘንድ እንዲደርሱ እንጂ እንዲኖሩበት አይደለም።

የአንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ በውስጡ ድምፅ የሚያፍን ስፖንጅ የተለጠፈበት ነው። ጎማ ሲጠገን ስፖንጁ በግማሽ ተላቅቆ ከቀረ እንደዚያው ፈሳሽ ያንቀጠቅጣል። ጎማው ሲከፈት እርስዎም ይዩት።

## ጎማውን ተጭኖ የሚለካ ባላንስ

ይህ ማሽን ጎማውን በከባድ ሮለር እየተጫነ ያሽከረክራል፤ መንገዱን ያስመስላል ማለት ነው። ስለዚህ ተራው ማሽን የማያየውን፣ የጎማውን ጠንካራና ለስላሳ ጎን፣ ያያል። በቁጥር የሚያስረዳ፣ ተጠርጣሪንም በአንዴ የሚለይ ነው። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ ማሽኑም በየሰፈሩ አይገኝም። አስተማማኝ ባላንስ ሁለት ጊዜ ሠርተው መንቀጥቀጡ ካልጠፋና ቸርኬው ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ ሌላ ጉዳይ ሲኖርዎት አብሮ ቢሠራ እመክራለሁ። ለእሱ ብቻ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ግን አይታየኝም፤ ምክንያቱም የድሃው ዘዴ እዚሁ አለ፦ ጎማው ከቸርኬው ላይ ይላቀቅና በግማሽ ዙር ተዛውሮ ይገጠም። የጎማው ከፍ ያለ ቦታ ከቸርኬው ከፍ ያለ ቦታ ጋር ተገጣጥሞ ከነበረ አሁን አንዱ የሌላውን ያቃናል። አዲስ ጎማ ላይ የሚታየው ቀይ ነጥብ ለዚሁ የተቀባ ነው፤ ጎማው የበረታበትን ቦታ ያሳያል፤ ከቸርኬው ዝቅተኛ ቦታ ጋር መግጠም አለበት። ቢጫው ነጥብ ግን የቀለለበት ቦታ ስለሆነ ከአየር መንፊያው ቫልቭ ጋር ይገጥማል።

## ቸርኬ፦ ማቃናት ወይስ መለወጥ?

ጎማው በማሽኑ ላይ ሲዞር የብዕር ጫፍ ከቸርኬው ጠርዝ ጋር አስጠግተው ይያዙ። ክፍተቱ እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ ቸርኬው ተጣሟል። ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ልዩነት በፍጥነት ላይ ይሰማል።

በጠርዙ ውስጠኛ ጎን ያለ ትንሽ መጣመም በሙያተኛ ሊቃና ይችላል፤ ወጪውም ከአዲስ ቸርኬ በጣም ያነሰ ነው። ቸርኬው ከተሰነጠቀ ወይም ከጨረሩ ከተጣመመ ግን ብየዳ አልቀበልም። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ላይ፣ በደንገጎ መታጠፊያ፣ በተበየደ ቸርኬ ቤተሰብ አይጫንም። ሌላ ቸርኬ ሲገዙ የመካከለኛው ቀዳዳ ስፋት ከሞዞው ጋር ልክ መግጠሙን ያረጋግጡ። ብሎኑ ቢገጥም እንኳ ቀዳዳው ከሰፋ ቸርኬው መሐሉን አያገኝም፤ በዚህ የተነሣ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ማሽን ላይ ጭራሽ አይታይም። ሞዞው ላይ የሚገባ የማጥበቢያ ቀለበት ያስፈልገዋል።

## አዲስ ጎማ

ውድ ነው፤ ትክክለኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ፦ ጎማው ጎኑ ላይ ካበጠ፣ ጥርሱ ማዕበል መስሎ ከተበላ፣ ወይም ከጅቡቲ ወደብ ጀምሮ ለወራት በአንድ ቦታ ቆሞ ከዘረጠጠና በሃያ ደቂቃ ጉዞ ካልተመለሰ። ይህን የመጨረሻውን ምክንያት አዲስ መኪና የገዙ ሰዎች አያስቡትም፤ መኪናው ዜሮ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ጎማውም አዲስ ይመስላቸዋል።

ጎማው የተሠራበትን ጊዜ ጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ቢል በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የመሸከም ቁጥሩንም አይለፉት። 96 የተጻፈበት ጎማ 710 ኪሎ፣ 100 የተጻፈበት 800 ኪሎ ይሸከማል። መኪናው 100 ፈልጎ 96 ማስገባት፣ በዚህ ሙቀት ላይ፣ ጎማውን ለመፈንዳት ማዘጋጀት ነው። ያገለገለ ጎማ ከገበያ መግዛትን በብርቱ እቃወማለሁ፤ የውስጥ ሽቦው መላቀቁ ከውጭ አይታይም።

ሁለት ብቻ ለመግዛት አቅም ካለዎት ከአንድ ዓይነት ሁለት ይግዙና አዲሶቹን ከኋላ ያድርጉ፤ በዝናብ የኋላው መንሸራተት ከፊቱ ይልቅ ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

## አላይመንት

አላይመንት መንቀጥቀጥ አያድንም። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ወይም ጎማው በአንድ ጎኑ የሚበላ ከሆነ ያስፈልገዋል፤ አዲስ ጎማ ሲገባም አዲሱ እንዳይበላ ማድረጉ ይበጃል። ለመንቀጥቀጥ ብቻ ብለው የሚከፍሉት ገንዘብ ግን የትም አያደርስም።

## ዘንግ፣ ኩሽኔታና ሞዞ

ከሁሉ ውዱና ከሁሉ በኋላ የሚደረሰው ይህ ነው። ኩሽኔታ ሲበላ ከመንቀጥቀጥ በፊት ጉምጉምታ ያሰማል፤ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በለስላሳ ሲያዘነብሉ ድምፁ ይለወጣል። የዘንግ መገጣጠሚያን ሕመም የደንገጎው ዳገት አስቀድሞ ነግሮዎታል። የዘንጉን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው የጎማ ከረጢት ተቀድዶ ቅባት የሚረጭ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። መኪናው ዋስትና ውስጥ ከሆነ ሌላ ሰው ሳይነካው ወደ ሻጩ ይመለስ፤ የመንገዱን ሙከራ በቪዲዮ ይዘው ይሂዱ። በነዳጅ መኪና የተካነ መካኒክ ኩሽኔታውን ሊሠራው ይችላል፤ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ግን ያልሠለጠነ ሰው አይንካቸው፤ በውስጣቸው የሚሄደው ገዳይ ኃይል ነው።

## ጎን ለጎን

| አማራጭ | የሚያድነው | የማያድነው | ወጪ | ማረጋገጫ | የኤሌክትሪክ መኪና ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| በእጅ የሚሠራው | ጭቃ፣ የላላ ዳዶ፣ የአየር ጉድለት | የተጣመመ ቸርኬ | የለም ማለት ይቻላል | የፊትና የኋላ ልውውጥ | ክሪክ ከባትሪው ይራቅ |
| ተራ ባላንስ | የክብደት ጉድለት | ሞላላ ጎማ፣ ዘንግ | ዝቅተኛ | የግማሽ ዙር ፈተና | ስፖንጅና ፈሳሽ ይታይ |
| ተጭኖ የሚለካ ባላንስ | ሞላላና ያልተስተካከለ ጎማ | ዘንግ፣ ፍሬን | መካከለኛ | የማሽኑ ቁጥር | እንደ ላይኛው |
| ቸርኬ ማቃናት | ትንሽ መጣመም | ስንጥቅ | መካከለኛ | የብዕር ጫፍ | ብየዳ አይሁን |
| አዲስ ጎማ | ያበጠ፣ የዘረጠጠ፣ ያረጀ ጎማ | ቸርኬ፣ ዘንግ | ከፍተኛ | ከግዢ በኋላ ባላንስ | የመሸከም ቁጥር |
| አላይመንት | መጎተት፣ አንድ ወገን መበላት | መንቀጥቀጥ | ዝቅተኛ | የመለኪያ ወረቀት | የለም |
| ዘንግና ኩሽኔታ | ፔዳል ሲረገጥ የሚመጣ፣ ጉምጉምታ | የጎማ ሚዛን | እጅግ ከፍተኛ | የዳገት ሙከራ | ብርቱካንማ ገመድ |

## ለማን የቱ?

ከከተማ የማይወጣ፣ በሳቢያንና በከዚራ መካከል የሚመላለስ ሰው በ80 ላይ የሚሰማ ትንሽ መንቀጥቀጥ ካለው፣ ጭቃውን አጥቦ፣ ዳዶውን አስጠብቆ አንድ ባላንስ በግማሽ ዙር ፈተና ያሠራ። ከዚያ በላይ አያውጣ።

በየሳምንቱ ሐረር የሚወጣና የሚወርድ ቤተሰብ ወይም በተሳፋሪ የሚተዳደር ሾፌር ቅድሚያውን ለጎማውና ለፍሬኑ ይስጥ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ጎማው ካበጠ፣ ጎማው ይቅደም፤ ባላንሱ ከእሱ ጋር ይመጣል።

በደወሌ መንገድ ረጅም ጉዞ የሚያዘወትር ሰው ከሁሉ ይልቅ ማስተካከል ያለበት የተጠባባቂ ጎማውን ነገር ነው። መጠኑ የሚገጥም ተጠባባቂ ጎማ፣ ክሪክና በቁጥር የሚለካ ቁልፍ ይዞ ቢንቀሳቀስ፣ የአጎቴን ልጅ ያሰቃየው ፈሳሽ ባልተፈለገም ነበር።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ በከተማ ውስጥ ብቻ አያዙርዎት። ደንገጎ አፋፍ ድረስ ወጥተው ይመለሱ፤ በሜዳውም 100 ያስገቡት። አራቱ ጎማዎች የተሠሩበትን ሳምንት ይጻፉ፤ የተለያየ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ወደ ጎሚስታው ከመሄድዎ በፊት በስልክ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የእኔን የቸርኬ መጠን የሚይዝ ማሽን አለዎት? ዳዶውን የሚያጠብቁት በቁጥር በሚለካ ቁልፍ ነው? ከጨረሱ በኋላ ጎማውን ማሽኑ ላይ ግማሽ ዙር አዙረው ያሳዩኛል? ሦስተኛውን ሲሰማ «ና፣ ቆመህ ታያለህ» ያለዎት ሰው ዘንድ ይሂዱ።